ሞተሩ ሲወርድ ላሜራው አይቆረጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትም በአንባቢያን ገጽ ላይ የወጣውን፣ የክላሲክ ትንንሽ መኪኖችን ሞተር በዘመናዊ ሞተር ስለመለወጥ የተጻፈውን አስተያየት በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የመኪናቸውን ሞተር አስወርደው የሌላ ኩባንያ ሞተር እንዳስገጠሙ፣ ከዚያ ወዲህ ዳገት እንደማያስቸግራቸውና ጠዋት ጠዋት ቾክ ስቦ ከመለማመጥ እንደተገላገሉ ገልጸዋል፤ የወረደው ሞተር ደግሞ ላስቲክ ለብሶ ግቢ ውስጥ እንደተቀመጠ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሰው አልፈዋል። ያነሷቸው ችግሮች በሙሉ እውነት ናቸው፤ እኔም አሳምሬ አውቃቸዋለሁ። ከእርሳቸው የምለየው በመፍትሔው ላይ፣ በተለይም ኦሪጅናሉን ሞተር መጠበቅ ከናፍቆት ያለፈ ምክንያት የለውም በሚለው ሐሳባቸው ላይ ነው።

በትልልቅ መኪኖች ሞተር ማለት ኮፈን ሥር የሚቀመጥና ሲያረጅ በሌላ የሚተካ አንድ ዕቃ ነው ቢባል ብዙም አያጣላ ይሆናል። ትንንሾቹ ግን ከመነሻው የተሰፉት በሞተራቸው ልክ ነው። አሌክ ኢሲጎኒስ የነደፏት የእንግሊዟ ትንሽ መኪና ሚኒ እ.ኤ.አ. በ1959 ስትወጣ ርዝመቷ ከ3 ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ቢበልጥም አራት ሰው አስቀምጣ መሄድ የቻለችው፣ 848 ሲሲ የሆነው ሞተሯ አግድም ስለተቀመጠ፣ ካምቢዮዋም ከሞተሩ ሥር ገብቶ ሁለቱ አንድ ዘይት እንዲጋሩ ስለተደረገ፣ ጎማዎቿም ባለ 10 ኢንች ስለሆኑ ነው። ዳንቴ ጃኮዛ የነደፏት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣችው ፊያት 500 ሌላ መንገድ ይዛለች፤ ባለ ሁለት ሲሊንደሩ 479 ሲሲ ሞተሯ ከኋላ ተቀምጦ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም፣ የውኃ ፓምፕ የላትም፣ ፊቷም ነፋስ የሚገባበት ፍርግርግ አላስፈለጋትም። ቮልስም እንዲሁ ናት። በአየር የሚቀዘቅዘውን የቮልስ ሞተር አውርደው በውኃ የሚቀዘቅዘውን የሱባሩ ሞተር የሚገጥሙ ሰዎች መጀመሪያ የሚገጥማቸው ጥያቄ ራዲያተሩ የት ይቀመጥ የሚል ነው፤ ብዙዎቹም ከፊት አስቀምጠውት በመኪናዋ ሆድ ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቱቦ ይዘረጋሉ፣ ለነፋሱ ማለፊያም ላሜራ ይቆርጣሉ። ሞተሩን ለመለወጥ የተጀመረው ሥራ መኪናዋን ወደ መለወጥ የሚሸጋገረው እዚህ ላይ ነው።

የፍሬኑ ጉዳይ በጸሐፊው አስተያየት ውስጥ ጨርሶ አለመነሳቱ ደግሞ አሳስቦኛል። የሚኒ የመጀመሪያው ሞተር 34 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ዛሬ ብዙዎች የሚገጥሙላት ቢ16 የተባለው የሆንዳ ሞተር በብዙዎቹ ሥሪቶቹ 160 አካባቢ ይሰጣል፤ ይህም 600 ኪሎ ግራም ገደማ ለምትመዝን መኪና ከመጀመሪያው አምስት እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው ጉልበት ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ወደ ሙቀት ለውጦ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ታምቡር ፍሬን ደግሞ ሲግል መያዙ ይቀንሳል። ፋብሪካው ራሱ ይህን አልናቀውም። እ.ኤ.አ. በ1961 ኩፐር የተባለችውን 997 ሲሲ ሚኒ ሲያወጣ ጉልበቷን ያሳደገው ወደ 55 ብቻ ነበር፤ ለዚያች ለ21 የፈረስ ጉልበት ጭማሪ ግን የፊት ፍሬኖቿን ዲስክ አድርጓቸዋል። ስለዚህ ሞተሩን ያስለወጠ ሰው ፍሬኑን፣ መሪውንና ቸርኬውን ሳያስለውጥ መንገድ መውጣት የለበትም፤ እነዚህን ሁሉ ካስለወጠ ደግሞ ከድሮዋ መኪና የቀረው ቅርፊቷ ነው ማለት ይቻላል።

የእኔዋ ሚኒ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች፣ የበሮቿ መስኮቶች ወደ ጎን የሚንሸራተቱ ናት። ከስምንት ዓመት በፊት ሰማያዊ ጭስ ታወጣ ጀመር፤ ዘይትም እንደ ቤንዚን መጠጣት ያዘች። ሁለት መካኒኮች ሞተሩ አብቅቷልና አስለውጠው አሉኝ። ሦስተኛው፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ካወረዱ በኋላ ጣታቸውን ወደ መጀመሪያው ሲሊንደር አስገብተው የላይኛውን ጫፍ ዳሰሱት፤ ከዚያ የእኔን ጣት ይዘው እዚያው ቦታ አሳረፉት። የፒስተኑ ፋሻ የማይደርስበት ጠርዝ ጥፍር የሚይዝ ከንፈር ሆኖ ቀርቷል፤ ከእርሱ ሥር ያለው ግድግዳ ተበልቷል። ያረጀው ይኸው ብቻ እንደሆነ፣ ብረቱ ግን ገና ብዙ ዕድሜ እንዳለው ነገሩኝ። ሲሊንደሮቹ በግማሽ ሚሊ ሜትር ሰፍተው በልካቸው ፒስተን ገባላቸው፣ ክራንክ ሻፍቱ ተፍቆ አዲስ ኩሽኔታ ተገጠመለት። ሊድ የሌለው ቤንዚን የድሮ ቴስታታዎችን የቫልቭ መቀመጫ ስለሚበላ፣ በጭስ ማውጫው በኩል ያሉት መቀመጫዎች በጠንካራ ብረት ተተኩ። ሥራው አምስት ሳምንት ወሰደ። ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ዛሬም ከሰነዱ ጋር ይመሳከራል፤ እኔም በየጊዜው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የቫልቮቹን ክፍተት በ0.30 ሚሊ ሜትር መለኪያ ብረት እየለካሁ አስተካክላለሁ። መለኪያው ሲሳብ ለስለስ ያለ መያዝ ሲሰማኝ ልኩ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከስምንት ዓመት በፊት ይህን ከቶ አላውቅም ነበር።

አንድ ወዳጄ በተመሳሳይ ወቅት ተመሳሳይ መኪና ይዞ ሌላውን መንገድ መረጠ። አዲሱ ሞተር አልገባ ስላለ የፊት የውስጥ ላሜራዎቿ በግራይንደር ተቆረጡ፤ ሞተሩን የሚሸከመው ፍሬምም ተቀየረ። ለሦስት ዓመት ያህል ደስ ብሎት ነዳት። ከዚያ የሞተሩ ኮምፒውተር ገመድ አንድ ቦታ እየተቆራረጠ መንገድ ላይ ታስቀረው ጀመር፤ ገመዱ የተዘረጋው በሠሪው ግምት እንጂ በንድፍ ስላልነበረ፣ የገባው መካኒክ ሁሉ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ይፈልግ ነበር። መኪናዋን የገዛት ሰው ወደ ኦሪጅናሏ ልመልሳት ቢል ሞተሩ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጧል፣ ሞተሩ የሚታሰርበት ላሜራም የለም። ያቺን መኪና ሳስብ አሁንም ልቤ ያዝናል፤ ከመቆረጧ በፊት ከእኔዋ ይልቅ ዝገት ያልነካት እርሷ ነበረች።

ይህን ስል ምንም ነገር አይነካ ማለቴ አይደለም። ኦሪጅናል የሚለውን ቃል እስከ መጨረሻዋ ቡሎን የሚገፉ ወገኖች አሉ፤ በዚህ አልስማማም። ፑንቲናውን በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ መተካት፣ የዛሬው ቤንዚን የሚያሟሟቸውን የድሮ የነዳጅ ጎማዎች መለወጥ፣ የኩፐሯን ዲስክ ፍሬን በተራዋ ሚኒ ላይ መግጠም አንድም ላሜራ አያስቆርጥም፤ ነገ ልመልሰው ላለ ሰውም ይመለሳል። ሞተሩ ተሰንጥቆ ከጥገና ውጭ ከሆነም ከዚያው ቤተሰብ የሆነ፣ ማለትም በዚያው መሠረታዊ ንድፍ የተሠራ ሞተር መግጠም ነውር የለውም። የፊያት ፋብሪካ ራሱ ለመጨረሻዋ 500 አር የሰጣት ፊያት 126 የተባለችውን መኪና 594 ሲሲ ሞተር ነው። ጉልበት ለሚሻ የሚኒ ባለቤትም የዚያው ቤተሰብ 1275 ሲሲ ሞተር አለለት፤ እ.ኤ.አ. በ1964፣ በ1965 እና በ1967 የሞንቴ ካርሎ ራሊን ያሸነፉት ሚኒዎች ሞተር ከዚሁ ቤተሰብ የወጣ ነው። ይህ የሞተር ዘር እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 2000 ድረስ ስለተመረተ መለዋወጫው ዛሬም ይመረታል። መለዋወጫው ከዓለም የጠፋበት ብርቅ መኪና ያለው ሰው ግን ችግሩ ከእኔ የከበደ ነውና፣ መኪናው ቆሞ ከሚበሰብስ ሌላ ሞተር ቢገጥምለት አልፈርድበትም።

እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተውና በምኅጻሩ ፊቫ የሚባለው የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አንድን መኪና ታሪካዊ ለማለት ቢያንስ 30 ዓመት እንዲሞላውና በታሪክ ትክክለኛ በሆነ ይዞታ እንዲጠበቅ ይጠይቃል። የፌዴሬሽኑ የቱሪን ቻርተርም ለሐውልቶችና ለጥንታዊ ሕንፃዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ከወጣው የቬኒስ ቻርተር መንፈሱን ወስዶ፣ የሚደረግ ለውጥ በሰነድ እንዲያዝና ወደ ነበረበት ሊመለስ የሚችል እንዲሆን ያሳስባል። እኔም የማሰምረው መስመር ይኸው ነው፦ በመፍቻ የሚፈታ ይፈታ፣ በግራይንደር የሚቆረጥ አይቆረጥ።

ጸሐፊው ሥራውን አስጨርሰዋልና በመኪናቸው ላይ የምለው የለኝም፤ በወረደው ሞተር ላይ ግን እማጸናቸዋለሁ። ላስቲክ እርጥበት አፍኖ ስለሚይዝ ይግፈፉለት፤ ከመሬት አንሥተው በእንጨት ላይ፣ ጣራ ሥር ያስቀምጡት። ካንዴላዎቹን ፈትተው በየቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ያፍስሱ፣ ክራንክ ሻፍቱን በእጅ ሁለት ዙር ያዙሩትና ካንዴላዎቹን መልሰው ይግጠሙ፤ የካርቡራተሩንና የጭስ ማውጫውን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ፤ በየጥቂት ወሩም ማዞሩን ይድገሙት። የሞተሩን ቁጥርም በወረቀት ገልብጠው ከመኪናዋ ሰነድ ጋር ያኑሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሚኒ ባለቤት