አምስት ተቀምጠው አንድ ሲናገር

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የሒሳብ መምህር ነኝ። በቅርቡ ተማሪዎቼን አምስት አምስት አድርጌ የግቢውን አትክልት ቦታ ስፋት አስለካኋቸው። በአንዱ ቡድን መሪው ሜትሩንም እስክሪብቶውንም ለብቻው ይዞ፣ አራቱን ጎኖች ደምሮ «ስፋቱ ይህ ነው» አለ። ያሰላው ግን ዙሪያውን ነበር። አንዲት ልጅ ስህተቱን አይታዋለች። ለምን ዝም እንዳለች ስጠይቃት፣ «ማን ይሰማኛል ብዬ ነው፣ ቲቸር» አለችኝ።

ይህ መልስ እንቅልፍ ነሳኝ፤ መሪውን የመረጥኩት እኔ ነኝና።

እዚሁ ጎጃም፣ እንደ ዋሸራ ባሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች፣ ተማሪው ቅኔውን ለየብቻው ቆጥሮ (ማለትም ራሱ ደርሶ) ለመምህሩ ይነግራል፤ ከጓደኛው ጀርባ አይሸሸግም። እኔም አሁን ሁሉም አስቀድሞ ግምቱን በደብተሩ እንዲጽፍ፣ መሪው መጨረሻ እንዲናገር አድርጌያለሁ። ጫጫታው በዝቷል። ያቺ ልጅ ግን ትናንት ሁለት ጊዜ እጇን አወጣች።

አንድ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ