ቦርሳውን ሳትገዢ በፊት ይቺን አንብቢ

ውዴ እንዴት ነሽ ባክሽ፣ እናትሽስ ደህና ናቸው? ማን ቀድሞ ጠፋ በሚለው አሁን አንጨቃጨቅ፣ አንቺ በስራ እኔ በልጆችና በዚህ በኮዬ ፈጬ ትራንስፖርት ጊዜው ነጎደ በቃ። ቮይስሽ ሲደርሰኝ ግን ሰፈሩን ቀወጥኩት። ሐረር እንሂድ ያልሽው የምር ከሆነ እኔ አለሁ፣ ጥቅምት ላይ ዝናቡም ይለቀናል፣ ድሬዳዋ በአውሮፕላን ወርደን ከዛ 50 ምናምን ኪሎ ሜትር በሚኒባስ ነው፣ ሶስት ቀን ይበቃናል።

ያቺን የምትጎተተዋን ሻንጣ ልያዝ ወይ ላልሽው፣ አይሆንም እቴ። ከሀዋሳ መጥተሽ እኔ ጋ ነው የምታድሪው አይደል፣ ከአስፋልቱ እስከ ብሎካችን ኮብልስቶን ነው፣ ከዛ አራተኛ ፎቅ በእግር፣ ሊፍት ብሎ ነገር የለም። ሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥም ያው ነው፣ መንገዱ ጠባብ ድንጋይ በድንጋይ፣ ጎማው ሲንኳኳ ህዝቡን ሁሉ ነው የምትቀሰቅሺው። ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ይዘሽ የምትገቢውን 7 ኪሎ ነው የሚፈቅደው፣ ልኩም 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር፣ የሚጎተት ሻንጣ ደግሞ ባዶውን ሁለት ሶስት ኪሎ ይበላብሻል። የጀርባ ቦርሳ ከሆነ አንድ ኪሎ አካባቢ የሆነውን ታገኛለሽ።

ትልቅ ቦርሳ አትግዢ ደሞ። የተፈቀደውን ልክ ስታባዢው ወደ 50 ሊትር ይመጣል፣ ሻጮቹም 45 ሊትር ይገባልሻል ይሉሻል፣ ግን ሲሞላ ያብጣል፣ ከ23ቷ ሴንቲ ያልፋል። ለሶስት ቀን ከ28 እስከ 30 ሊትር በቂ ነው። ቦታ ካገኘሽ ደግሞ እንደምትሞይው አውቅሻለሁ፣ የሰርግ ጫማሽን ሳይቀር ነው የምትከቺው :)

አሁን ዋናው ነገር። ሱቅ ውስጥ ባዶ ቦርሳ ሁሉም ይመቻል፣ ወረቀት ጠቅጥቀውበት ስለሚሰቅሉት ያምራልም። ስለዚህ ሶስት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ግዢና ወረቀቱን አስወጥተሽ እሱን ክተቺበት፣ 6 ኪሎ ሆነ፣ ከቦርሳው ጋር 7፣ ያው ኤርፖርት የምትሸከሚው ማለት ነው። ከዛ አዝለሽው ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ በይ፣ ሻጩ ይሳቅ ግድ የለም። ማንገቻው ትከሻሽ ላይ ክፍተት ሳይተው ልጥፍ ማለት አለበት፣ አንገትሽ ስር ከቆረቆረሽ ወይ ወደ ጎን ከተንሸራተተ ተይው። የወገብ ቀበቶ ካለው ሆድሽ ላይ ሳይሆን ዳሌ አጥንትሽ ላይ ይረፍ፣ ክብደቱን ከትከሻ የሚያወርድልሽ እሱ ነው፣ የወገብሽን ህመም አስቢ እንጂ። አንገትሽን ስትደፊ ከኋላ ወጣ ከምትለዋ አጥንት እስከ ዳሌ አጥንትሽ የላይኛው ጫፍ ያለው ርዝመት ነው ከቦርሳው ጋር መግጠም ያለበት፣ አንቺ ደግሞ አጠር ስለምትይ የወንዶቹ ረጅሙ ቂጥሽን እየመታ ነው የሚሄደው። የደረቱ ማሰሪያም ከፍ ዝቅ የሚል ይሁን፣ ለሴት የማይመች ቦታ ላይ የተሰፋ ሞልቷል። ማርካውን ተይው፣ ሁሉም ኦሪጅናል ነው ይልሻል፣ ይልቅ ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የተሰፋበትን ቦታ ሳብ አርገሽ እዪው፣ ስፌቱ ድርብ ካልሆነ እዛው ነው የሚበጠሰው፣ ዚፑንም ማዕዘኑ ላይ አስር ጊዜ ክፈቺ ዝጊው። እንደ ሻንጣ ዙሪያውን የሚከፈት ብታገኚ ደስ ይለኛል፣ ከላይ ብቻ የሚከፈተው አንድ ካልሲ ለማውጣት ሁሉን ያዘረግፍሻል።

ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ 30 ሊትሩ ጭንሽ ላይ ይቀመጣል፣ ከዛ ከበለጠ ወያላው የእቃ ክፈይ ማለቱ አይቀርም፣ እኔ በሱ ጉዳይ ስንቴ ተጨቃጭቄያለሁ መሰለሽ።

ስታሽጊ ከባዱን ወደ ጀርባሽ አስጠጊው። ፓወር ባንክሽን ቶሎ በምታወጪው ኪስ አርጊው፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ቦታ የለም ብለው ቦርሳሽን ወደ ጭነት ቢወስዱት እሱ አብሮ መሄድ የለበትም፣ ከአንቺ ጋር ነው የሚገባው። ድሬ ሙቀት ነው፣ ሐረር ማታ ግን ይበርዳል፣ አንድ ሹራብ ያዢ። የሐረር ቡና ስለምንገዛም ሲሶው ባዶ ይሁን፣ እኔ ላንቺ ቡና አልሸከምም ከአሁኑ ልንገርሽ።

የመረጥሽውን ከመክፈልሽ በፊት ፎቶ ላኪልኝ፣ ከኋላ በኩል ያለውን፣ ማንገቻው የሚታይበትን። ቀኑንም ቶሎ ቁረጪና ንገሪኝ ትኬቱን እኔ እይዘዋለሁ። እናትሽን ሳሚልኝ።