የሊጡን ከፍላችሁ የእንጀራውን ስለከለከላችሁኝ የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

ኅዳር 9 ቀን ጠዋት የሰፈራችንን መንገድ ለውሃ ቧንቧ ስትቆፍሩ ኤክስካቫተራችሁ ከመሬት በታች ያለውን የመብራት ገመድ በጠሰው። ገመድ መኖሩን ለኦፕሬተሩ የነገርኩት እኔ ራሴ ነኝ። «እናውቃለን እናት፣ አታስቢ» አለኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መብራቱ ድርግም አለ። የመጣው በ3ኛው ቀን ማታ ነው።

እንጀራ ጋግሬ ለሱቆችና ለአንድ ካፌ አስረክባለሁ። በቀን 300። የዚያን ዕለት ሊጥ አብሲት ገብቶበት፣ ኩፍ ብሎ ምጣድ እየጠበቀ ነበር። ተበላሽቶ ተደፋ። ገና እየቦካ የነበረውን ደግሞ የላዩን ውሃ እያፈሰስኩ፣ ንጹህ ውሃ እየከለስኩ እንደምንም አተረፍኩት። መጋገር ግን አልቻልኩም። 2ቱን ቀን ከጋጋሪዎቹ ጋር እጃችንን አጣጥፈን ዋልን።

በጻፋችሁልኝ መልስ የተደፋውን ሊጥ የዱቄት ዋጋ ከፍላችኋል፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። ያልተሸጠውን እንጀራ በተመለከተ ግን «ገመዱ የእርስዎ ንብረት ስላልሆነ ለቀረብዎት ገቢ ኃላፊነት የለብንም» አላችሁ። ማስረጃ ብላችሁ የጠቀሳችሁት የእንግሊዝ ፍርድ ነው፤ የስፓርታን ስቲል ጉዳይ።

የእህቴ ልጅ ሕግ ይማራል። ፍርዱን ፈልጎ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ነገሩ የእኔኑ ይመስላል። በርሚንግሃም ውስጥ መንገድ ቆፋሪዎች ወደ ስፓርታን ስቲል ብረት ፋብሪካ የሚሄደውን የመብራት ገመድ ቆረጡ። ገመዱ የመብራት ድርጅቱ እንጂ የፋብሪካው አልነበረም። መብራት ለ14 ሰዓት ተኩል ጠፋ። እቶን ውስጥ የነበረው ብረት ተበላሸ፤ ሊቀልጥ ተራ የያዘውም ሳይቀልጥ ቀረ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1972 እ.ኤ.አ. ለተበላሸው ብረት 368 ፓውንድ ፈረደ። ከዚያው ብረት ይገኝ ለነበረው ትርፍም 400 ፓውንድ ጨመረ። የተከለከለው ሳይቀልጥ በቀረው የታጣው 1,767 ፓውንድ ነው።

እንግዲህ በራሳችሁ ማስረጃ እንሂድ። የተደፋው ሊጥ የእኔ ብረት ነው። እንግሊዞቹ ከነትርፉ ከፍለዋል፤ እናንተ ዱቄቱን ብቻ። ይህን ክፍል ሳታነቡት ነው ያለፋችሁት?

ከፈረዱት ዳኞች አንዱ ሎርድ ዴኒንግ ለዚህ ወሰን የሰጡት ምክንያት እኔም ይገባኛል። መብራት ሲጠፋ የሚጎዳው ብዙ ሰው ነው፤ ሁሉም ገቢ ቀረብኝ ብሎ ቢመጣ ማቆሚያ የለውም። አንዳንዱ ጄነሬተር ይገዛል፣ አንዳንዱ መድን ይገባል፣ ሌላው ችሎ ያልፈዋል ነው ሐሳባቸው። እኔ ቤት ያለው አንዱ ምጣድ ብቻ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል፤ ለ3 ምጣድ የሚበቃ ጄነሬተር ከየት አመጣለሁ? ደግሞ ከ3ቱ ዳኞች አንዱ፣ ኤድመንድ ዴቪስ፣ ሁሉም ኪሳራ ይከፈል ብለው ተለይተዋል። እዚያው አገር እንኳን በአንድ ድምፅ ያለቀ ነገር አይደለም።

ዋናው ጉዳይ ግን እኛ ያለነው አዲስ አበባ መሆኑ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ የእንግሊዝ ዳኛ ውሳኔ እዚህ አያስገድድም። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ ይላል። አንቀጽ 2091 ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። የተሰበረ ዕቃና የቀረ ገቢ ብሎ አልለየም። ጥፋቱንና ጉዳቱን ማገናኘት የእኔ ሥራ ነው፤ ለእሱ ኦፕሬተሩን ሳስጠነቅቅ የሰሙ 2 ጎረቤቶች አሉኝ።

የምጠይቀው ይህን ነው። ከአንድ እንጀራ ወጪዬ ተቀንሶ 8 ብር ይተርፈኛል። ከተደፋው ሊጥ የ300 እንጀራ 2,400 ብር፣ ሳንጋግር ከዋልንባቸው 2 ቀናት የ600 እንጀራ 4,800 ብር፤ በጠቅላላው 7,200 ብር። ካፌው በዚያው ሳምንት ወደ ሌላ ጋጋሪ ሄዷል። እሱን አላስገባሁትም፤ ከዚያ በፊትም በዋጋ እየተጨቃጨቅን ስለነበር በእናንተ ሰበብ ሄደ ብዬ መማል አልችልም።

የማስረከቢያ ደብተሬን ቅጂ አያይዣለሁ። በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ስጡኝ። ካልሆነ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ፤ ሕጉ የሰጠኝ 2 ዓመት ገና አልተነካም።

ከሰላምታ ጋር
ከቆፈራችሁት መንገድ ዳር ያለሁት እንጀራ ጋጋሪ