የከፈልንበት የመጨረሻው ክፍል የት ገባ?

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ስለ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሹማን የመጨረሻ ዘፈኖች ቃል የተገባው ትምህርት አለመሰጠቱን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

"የሮበርት ሹማን ዘፈኖች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ" ብላችሁ ያስተዋወቃችሁትን የኦንላይን ኮርስ ሙሉ ክፍያ ከፍዬ ተከታትያለሁ። አስተማሪው በ1840 (እ.ኤ.አ.) የተጻፉትን ዘፈኖች በደንብ አስረድቶናል፤ እግዜር ይስጠው። ቅሬታዬ የመጨረሻው ክፍል ላይ ነው። ከ1849 ወዲህ ያለው ሁሉ በጥድፊያ ታለፈ። ሹማን በ1850 በገጣሚው በሌናው ግጥሞች ላይ የሠራቸው ዘፈኖች ስማቸውም አልተነሳ። "ሕመሙ ስለጸናበት ሥራው ደክሟል" ተባለና አለቀ። አንድም ዘፈን አልተከፈተልንም!

ይኼ አያስኬድም። ሹማን በስኮትላንዷ ንግሥት በሜሪ ስቱዋርት ስም በሚነገሩ ግጥሞች ላይ ዜማ የሠራው በዲሴምበር 1852፣ ጀርመን ውስጥ ዱሰልዶርፍ ከተማ ሳለ ነው። ሕመሙ ጸንቶበት ራሱን ራይን ወንዝ ውስጥ የጣለው በፌብሩዋሪ 1854 ነው። መሐሉ ከዓመት በላይ ነው። ያኔም ጤናው ደህና እንዳልነበር አላጣሁትም። ግን የኋላውን መከራ ጎትቶ ሥራው ላይ መለጠፍ ማስተማር አይባልም።

እስቲ ዘፈኖቹን ክፈቷቸው። አምስት ናቸው፤ አምስቱም ማይነር በሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ሐዘን በሚያሰማው ቅኝት። ሦስተኛው ብቻ ኤ ማይነር ሲሆን የቀሩት ኢ ማይነር ናቸው። በመጀመሪያው ንግሥቲቱ ፈረንሳይን ስትሰናበት ፒያኖው ሳያቋርጥ ይፈስሳል። በሁለተኛው፣ ልጇን ወልዳ ስትጸልይ፣ ያ ፍሰት ቀጥ ይላል። ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይመስላል። የዘፋኟ ድምፅ ብዙም አይወጣም፣ አይወርድም፤ ለንግግር የቀረበ ነው። በ1840ው "ዲሽተርሊበ" በተባለው የዘፈኖች ስብስብ ማብቂያ ላይ ዘፋኙ ዝም ካለ በኋላ ፒያኖውን ብቻውን አስረዝሞ ያናገረው ሰው እዚህ ቁጥብ ሆኗል። "ደከመ" ከማለት በፊት "ለምን ቆጠበ?" ማለት የአስተማሪ ወግ ነበር። እኔ አውቆ ያደረገው ነው ባይ ነኝ። እንደ ሜሪ ያለች ከዓለም የምትሰናበት እስረኛ ጌጥ ምን ያደርግላታል?

ስለዚህ ክፍሉ ዘፈኖቹ እየተሰሙ እንደገና ተቀርጾ ይጫንልን። አይሆንም ካላችሁ የዚያን ክፍል ድርሻ ገንዘቤን መልሱልኝ፤ ማስታወቂያው ላይ ያለው "እስከ መጨረሻ" የሚለውም ይነሳ። መልሱን በጽሑፍ እፈልጋለሁ። "እናያለን" የሚለውን በስልክ ሰምቼዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የኮርሱ ተማሪ