ለሐዘን 1,000 ብር?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ታናሽ ወንድሜን የጭነት መኪና ገጭቶ ገደለብን። ድንኳኑ ሳይነሳ ሽማግሌዎች ለዕርቅ መጡ። ሚስቱ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ልትፈርም ብዕር ስታነሳ እጇን ያዝኳት።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2095 ለሟች የትዳር ጓደኛ፣ ለወላጆችና ለልጆች የተቋረጠባቸውን መተዳደሪያ በየራሳቸው ስም የመጠየቅ መብት ይሰጣል። የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይገኝበትም እንኳ በኃላፊነት ይጠየቃል። እባካችሁ፣ የወንጀሉ ክስ እስኪያልቅ ብላችሁ አትዘግዩ፤ የካሳ ክስ በመርህ ደረጃ በ2 ዓመት ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ይታገዳል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ለሐዘናችን የሚከፈለው የሞራል ካሳ ነው። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። ዛሬ ይህ ገንዘብ ለሠልስቱ እንጀራ እንኳ አይበቃም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይህን ጣሪያ ያንሳልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ