ማፍላት ብቻውን አይበቃም

ክቡር አዘጋጅ፦

የጤና ዓምዳችሁ «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» ማለቱ መልካም ነው፤ ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰን የየካ አባዶ ነዋሪዎች ግን ምክሩ ጎደሎ ነው።

ለስንት ጊዜ እንደሚፈላ እንኳን አልተነገረንም። ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። እንደኛ ባለ ከፍታ የሚመከረው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ነው። በዛሬው የከሰል ዋጋ ግማሽ ሰዓት ማንተክተክ ትርፉ ኪሳራ ነው።

ብዙዎቻችን ታዲያ ወደ ውሃ አጋር፣ ማለትም በጠርሙስ ወደሚሸጠው የክሎሪን ውሃ ማከሚያ መድኃኒት፣ እንሄዳለን። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ የሚበዛው። ውሃው ቆይቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደው ቀይ ቡናማ ነው፤ እሱኑ በጄሪካን ቀድቶ መድኃኒት መጨመር ከንቱ ድካም ነው። ክሎሪኑ ጀርሙ ጋ ሳይደርስ ጉልበቱን ከጭቃው ጋር ይጨርሳል። መጀመሪያ ይዝቀጥ፤ ከዚያ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ይጠለል። መድኃኒቱ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ይጨመርና ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ። ጎረቤቶቼ ሽታውን ይጠሉታል፤ እኔን ግን ያጽናናኛል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ውሃው አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ይገለበጥና ልጆች ጣሳውን ከነእጃቸው ይነክሩበታል! አፈ ጠባብ ጄሪካን ከነክዳኑ ይሻላል፤ ውስጡ ግን አረንጓዴ ልጋግ ይይዛል። በሳሙና ውሃና በጥቂት ጠጠር በኃይል እየናጡ ማጠብ ያስፈልጋል።

በሚቀጥለው እትማችሁ ስለ ሮቶ አጠባበቅም ብትጽፉልን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከየካ አባዶ