የሰሜኑ መስኮት

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከአንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እናቶቻችን ደብዳቤ ሲያስጽፉን በዚህ ካልጀመርን አይሆንላቸውም ነበር፤ ዛሬ እኔም ከዚህ የተሻለ አጣሁ። ዝምታችን ረዘመ። መጀመሪያ ሥራ፣ ቀጥሎ የእናቴ ሕመም (አሁን ተሽሏታል፣ ሰላም ትልሻለች)፣ ከዚያ ደግሞ «ይህን ያህል ቆይቼ ምን ብዬ ልጀምር» የሚለው ይሉኝታ። አሁን ግን ለአንቺ ካልነገርኩ ለማንም የማልነግረው ነገር ተጠራቀመብኝ። ስለ ፎቶግራፍ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን!

ፒያሳ ኮፒ አስደርገን የተካፈልነው የፎቶ መማሪያ መጽሐፍ ትዝ ይልሻል? «ለስላሳ ብርሃን የሚገኘው በሰሜን በኩል ካለ መስኮት ነው» የሚለውን እንደ ዳዊት ስንደግመው ነበር። እኔ አሁን የተከራየሁት ቤት ሳሎኑ ወደ ሰሜን የሚያይ ሰፊ መስኮት አለው። ወንበሬን አስጠግቼ የጎረቤቱን ሰው ሁሉ በየተራ አስቀመጥኩ። በበጋው ወራት መጽሐፉ ያለው ሁሉ ልክ ነበር፤ ጉንጭ ላይ ቀስ ብሎ የሚያርፍ፣ ጥላው የማይቆርጥ ብርሃን። ግንቦት ሲገባ ግን ፀሐይዋ ጠዋትና ማታ በዚያው መስኮት ገደድ ብላ ትገባ ጀመር፤ ቀትር ላይ ደግሞ ደፉን ታነደዋለች።

ነገሩ ቀላል ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ከእኛ ርቀው በስተሰሜን ለሚኖሩ ሰዎች ነው፤ እነርሱ ዘንድ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የራቀችው። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የእኛ የቀትር ፀሐይ በሰሜን ትሆናለች። ዕድሜ ልካችንን የኖርንበት ሰማይ ነው፤ አንድ ቀን ግን ቀና ብለን «ዛሬ በየት በኩል ነሽ?» አላልናትም። ሚያዝያ 5 ገደማና ነሐሴ 24 ገደማ ደግሞ ልክ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። ቀትሩ የሚሆነው ስድስት ሰዓት ላይ ሳይሆን ወደ ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት ነው፤ ሰዓታችን የተቆጠረው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ ትንሽ ይቀድማል። በዚያች ቅጽበት የግቢያችን የልብስ ማስጫ ብረት ጥላ አልነበረውም። የቤቱ ባለቤት ሽማግሌው ብረቱ ዙሪያ ስሽከረከር አይተው «ምን ጠፋብሽ ልጄ?» አሉኝ። «ጥላ» አልኳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአክብሮት ነው የሚያናግሩኝ፤ ሳይፈሩኝም አይቀሩ።

ከዚህ በኋላ መጽሐፉን በጥርጣሬ ማንበብ ጀመርኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስላለው ቢጫ ብርሃን «ወርቃማው ሰዓት» የሚለውን ምዕራፍ ውሰጂ። ለእኛ ሰዓት አይደለም! እዚህ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው፤ ያ ቢጫ ብርሃን ከመጣ ሃያ አምስት ደቂቃ ቢቆይ ነው። እንጦጦ ላይ ካሜራውን መቆሚያው ላይ አስሬ ሌንስ ልቀይር ስል አለቀ። አንቺ ባለሽበት ስቶክሆልም ግን በሰኔ ፀሐይዋ አድማሱን እየታከከች በአግድም ስለምትሄድ ያው ብርሃን ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆይልሻል። እውነት ነው? ቡና አፍልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተመልሶ ማንሳት ይቻላል ማለት ነው። ቀናሁብሽ። በታኅሣሥ ግን አልቀናብሽም።

ሌላው ግኝቴ የነጠላ ነገር ነው፤ ይኼኛውን ከሁሉ እወደዋለሁ። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ እንደሚገምት ታውቂያለሽ። ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ ስትቆሚ ፊትሽ ያለው ሁሉ ነጭ ነው፤ ካሜራው ብርሃኑ በዛ ብሎ ይቀንሳል፣ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ ፊቶቹም ይጠቁራሉ። ብርሃኑን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ነው መድኃኒቱ፤ ይህን ማንም ይነግርሻል። ማንም ያልነገረኝ ግን ይህ ነው፦ ፀሐይ ከጎን ስትመጣ ደረት ላይ ያረፈው ነጠላ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ አገጭና ወደ ዓይን ሥር ይመልሰዋል። ፎቶ ቤቶች በገንዘብ የሚገዙትን ነጭ አንጸባራቂ ሴቶቻችን ትከሻቸው ላይ አጣፍተውት ይሄዳሉ። አሁን ሰው ሳነሳ ነጠላውን ትንሽ ገለጥ፣ ትንሽ ወደ ፀሐይ ዞር አስደርጋለሁ፤ ፍላሼም ከቦርሳ መውጣት አቁሟል።

የአክስቴን የሠርግ ፎቶ ታውቂዋለሽ፤ ቬሎው እያበራ እርሷ ግን ጥርሷ ብቻ የሚታይበትን። ሁልጊዜ በፎቶ አንሺው ነበር የምናመካኘው። ለካ የፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ አጣቢዎች የሚልከው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ላይ ለብዙ አሥርት ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ነበረች፤ «ሸርሊ» ይሏታል። ቀለሙ የሚስተካከለው በእርሷ መልክ ልክ ነበር። የተለያየ መልክ ያላቸው ሰዎች ካርዱ ላይ የገቡት በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ነው። ያ ምስኪን ፎቶ አንሺ ያገኘውን ፊልም ነው ያጎረሰው። አክስቴ ግን ይህን ሁሉ አስረድቻት «ቢሆንም ተንቀሳቀሺ እያለ ነዝንዞኝ ነበር» ብላ ልትምረው አልፈለገችም።

አንድ ልጨምርልሽና ላብቃ። ወጥ ቤታችን ቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ የበዛበት ነው። እንጀራ ሲጋገር ጢሱ መካከል የብርሃን ዘንግ ይቆማል፤ ይህን ሁሉም ሰው ያነሳዋል። እኔን የያዘኝ ወለሉ ነው። ቀዳዳዎቹ አንዱ የተቀደደ፣ አንዱ ሦስት ማዕዘን፣ አንዱ ስንጥቅ ናቸው፤ ወለሉ ላይ የሚወድቀው ብርሃን ግን ሁሉም ክብ ነው። ክቡ የቀዳዳው ቅርጽ ሳይሆን የፀሐይዋ የራሷ ምስል ነዋ! ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት የሆነች ጊዜ እዚህ አዲስ አበባ ከፊሏ ተሸፍኖ በዛፎቹ ሥር መሬቱ በትናንሽ ማጭድ ተሞልቶ እንደነበር አስታወስኩ። ኢብን አል ሃይሰም የሚባለው ሊቅ ከሺህ ዓመት በፊት ይህንኑ የግርዶሽ ማጭድ በቀዳዳ እያሳለፈ መርምሮታል። ወጥ ቤቱ ራሱ ካሜራ ነው ስላት እናቴ «እንግዲያው እስኪ ወጡን አንሺልኝ፣ እንዳያር» አለችኝ።

አሁን ተራው የአንቺ ነው። ታኅሣሥ ላይ ደመና ከለቀቀላችሁ ቀትር ላይ የአንድ ሜትር ዱላ አቁመሽ ጥላውን ለኪልኝ። በእኔ ስሌት ወደ ስምንት ሜትር መሆን አለበት፤ ዓይኔ ካላየ አላምንም። ከዱላው ጋር ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ በስልክ ሳይሆን ታትሞ። የታላቅ እኅትሽ ልጅ ለፋሲካ ይመጣል ብለውኛል፣ በእርሱ እጅ ይሁን። መጽሐፉም ያንቺው ኮፒ ካለ እንዳትጥይው፤ ለዚያ አገር ሰማይ ይሠራል። የእኔኛው ኅዳጉ በእርሳስ ማስተካከያ ስለሞላ ከእንግዲህ ለሌላ ሰው አይሆንም።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ።

አክባሪሽና ናፋቂሽ ጓደኛሽ
ከአዲስ አበባ